ትናንት የተጣለው ቱቦ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ማመን ያልፈለገ ይለፈው፤ እኔ ግን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

የደረሰው በሩፈይዳ ላይ ነው፤ ጅማ ውስጥ ነርስ ናት። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

አልጋው ላይ የተኙት እትዬ ብርሃንነሽ ናቸው። ሩፈይዳን መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤት ያከራዩዋት፣ ስትታመም እንደ እናት ያስታመሟት ሴት። ከጠዋት ጀምሮ ደም ያስታውካሉ። ከአጠገባቸው እንዳትርቅ ለምነው እጇን ይዘዋል።

ዶክተር ገላና የጨጓራ መመርመሪያውን ቱቦ ይዞ መጣ። ጫፉ ላይ ካሜራ አለው፤ ምስሉ ትንሽ ስክሪን ላይ ይታያል። በሽተኛው ሳይነሳ እዚያው አልጋው ላይ ይታይበታል፤ ከዚያ ቱቦው ይጣላል። አንድ ቱቦ ለአንድ ሰው። ይህንን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም።

ቱቦው ወረደ።

ቀይ ግድግዳ ታየ... የረጋ ደም... ከዚያ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች።

ሩፈይዳ ደነገጠች።

ፍሬዎቹን ታውቃቸዋለች። ትናንት ጠዋት የአጋሮው ሀጂ ሸኩር እዚሁ ክፍል ሲመረመሩ አይታቸዋለች። ምንም እንዳይቀምሱ ተብሎ ሳለ፣ ልጃቸው ሳሊሀ ይፈውሳቸዋል ብላ ጥቁር አዝሙድ በማር ደብቃ አጉርሳቸው ነበር። ሳሊሀ ስክሪኑን አይታ አለቀሰች። ከቀትር በፊት ዶክተር ገላና፣ ሀጂ ሸኩር አርፈዋል አለ፤ ከአስር ሶላት በኋላ አጋሮ ተቀበሩ። ቱቦውን ቆሻሻ ውስጥ የጣለችው ራሷ ሩፈይዳ ናት።

እትዬ ብርሃንነሽ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

"ዶክተር... ይሄ የሳቸው ሆድ አይደለም" አለች በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"ቱቦው ከየት መጣ?"

ዶክተሩ ቱቦውን ትንሽ ገፋው። ፍሬዎቹ መሃል ትናንት ያየችው የሀጂ ሸኩር የጨጓራ ቁስል ነበር... ቅርጹ ሳይቀር ያው ነው።

"ታጥቧል" አለ ፊቷን ሳያይ። "በረኪና ውስጥ ነው ያደረው።"

ደሟ ፈላ። አዲሶቹ ቱቦዎች በካርቶን ሞልተው ቢሮው ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ እንግዶች ሲመጡ ለማሳያ ይሆናሉ ተብሎ። ለሰው ነፍስ ግን ከቆሻሻ የተለቀመ ይበቃል! ይህን ስትነግረኝ እኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የሰማሁት።

"ያውጡት፤ አሁኑኑ።"

"ሲስተር፣ ቦታሽን እወቂ።"

ሩፈይዳ በሩን በርግዳ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጡት አስታማሚዎች በአማርኛም በኦሮምኛም ነገረቻቸው... ትናንት ከሞተ ሰው የወጣ ቱቦ እኚህ ሴት ሆድ ውስጥ ገብቷል ብላ። ግር ብለው ገቡ። ዶክተሩ ቱቦውን ስቦ አወጣው።

አስታማሚዎቹ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበሉት። እትዬ ብርሃንነሽን ሌላ ክፍል አስገቧቸው፤ ሌላ ሐኪም በአዲስ ቱቦ መረመራቸው። ተርፈዋል። ለዚህስ አልሐምዱሊላህ ትላለች ሩፈይዳ።

አሮጌውን ቱቦ ግን ዳግመኛ ማንም እንዳይለቅመው እዚያው የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ በመቀስ ቆራረጠችው።

ቱቦው ተቆራርጦም ስክሪኑ አልጠፋም።

ዶክተሩ ሶኬቱን ነቀለ... አሁንም አልጠፋም።

ምስሉ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ጨጓራው አለፈ... ጉሮሮው... ምላሱ... ከውስጥ በኩል የሚታዩ ጥርሶች።

ከጥርሶቹ ማዶ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል።

"ከፈን ነው... የሬሳ መጠቅለያ" አሉ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው።

ትናንት ሀጂ ሸኩርን አርፈዋል ያለው ዶክተር ገላና ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

ጨርቁ ወደ አፍ ውስጥ ተሳበ...

ወደ ውጭ ተገፋ...

እንደገና ተሳበ።