ክዳኑ ላይ የወጡት ተምቾች

«ሃያ ስድስቱም ክዳኑ ላይ ወጥተዋል» አለች ልጅቷ፣ አንዱን ኩባያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ።

«ይውጡዋ» አለ ጓደኛዋ ቀጮ። «ነገ ዳኞቹ የሚያዩት መኖራቸውን ነው።»

በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ሠላሳ ኩባያዎች ተደርድረዋል። አንድ ላይ ከሆኑ እርስ በርስ ስለሚበላሉ፣ በየኩባያው ያለው አንድ የበቆሎ ተምች ብቻ ነው። ምግባቸው ከባቄላ ዱቄት፣ ከእርሾና ከቫይታሚን ተሠርቶ የረጋ ነው። ተምችን ያለ ቅጠል ማርባት እንደሚቻል ለማሳየት ሁለቱ ስድስት ሳምንት ለፍተዋል። በነገው የሳይንስ ውድድር አንደኛ የወጣ ክረምቱን በምርምር ጣቢያ ይሠለጥናል፤ ቀጮ ሌላ ሕልም የለውም።

ቫይታሚኑን ሙቀት ስለሚያበላሸው የሚጨመረው ምግቡ ለብ ሲል ነው። እሷ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት እንደፈላ ጨመረችው። እናቷ ከሞተች ሦስተኛ ወሯ ነበር፤ እጇ ይሠራል እንጂ ልቧ አብሯት አልነበረም። ትሎቹ እየመነመኑ ሃያ ስድስቱ አለቁ። ስትቆጥራቸው ማልቀስ እንደነበረባት ታውቃለች፤ ምንም አልመጣም።

ቀጮ ትናንት ከአጎቱ ማሳ ወፋፍራም ተምቾች ለቅሞ የሞቱትን ተካ።

«እነዚህ ቅጠል የለመዱ ናቸው። ይሄን አይነኩትም» አለች።

«እስከ ነገ አይሞቱም። በእናትሽ፣ ዝም በይ…» አለና ከአፉ ያመለጠው ሲገባው አቀረቀረ። «ይቅርታ።»

«ምንም አይደል።» እውነትም ምንም አልነበረም።

ኩባያው ውስጥ ያለው ትል ወረደ፣ ምግቡን ረግጦት አለፈ፣ ሳይቀምስ ተመልሶ ወጣ። ምሳዋ ሳይከፈት ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ትዝ አላት። የትናንቱም እንደዚያው ነበር፤ ለአባቷ ግን «በልቻለሁ» ብላዋለች።

«ርቧቸዋል» አለች። ድምጿ ሲሰበር ራሷም ደነገጠች።

«ቅጠል ከሰጠናቸው ሥልጠናውስ?» አለ ቀጮ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ለቲቸር እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ማርከር አንሥታ ግድግዳው ላይ በለጠፉት ወረቀት «በሕይወት ያሉ፦ ሠላሳ» ከሚለው ላይ ሠላሳውን ሰርዛ «አራት» ብላ ጻፈች። ከሥሩም «ቫይታሚኑን እንደፈላ የጨመርኩት እኔ ነኝ» ብላ አከለች።

ቀጮ በሩን ወርውሮት ወጣ። ቆይቶ ሲመለስ ከግቢው ጥግ የቀጠፈው የበቆሎ ቅጠል በእጁ ነበር።

«ያዢ» አለ፣ ሳያያት።

ቅጠሉን እየቆራረጡ ለሃያ ስድስቱም አዳረሱ። የመጀመሪያው ትል ከክዳኑ ሲወርድ እጇን ታጠበችና ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ምግቡ ቀዝቅዟል። ግማሹን ለቀጮ ገፋ አድርጋለት መብላት ጀመረች።