ልቧ የቀናበት

የወይዘሮ የሻረግ ልብ የሚነበበው በሣልስቷ ዕለት፣ ከምሳ በፊት ነበር። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ለወትሮው ብቅ ብሎ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ የሚወጣው ሁሉ ዛሬ መቀመጫውን አደላድሎ ቁጭ ብሏል። በኮምቦልቻ የሟችን ልብ ምንባብ ሳይሰማ ከለቅሶ የሚነሣ ሰው፣ ሠርግ ሄዶ ሙሽራዋን ሳያይ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

ትብለጥ ከእናቷ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጣ ታላቅ እህቷን በዓይኗ ጥግ ታያታለች። በላይነሽ ከደሴ በአየር ገመድ ተንሳፋ የወረደችው ለቀብሩ ነው። እንባዋ እንኳ ያምርባታል፤ ከግራ ዓይኗ አንድ፣ ከቀኝ ዓይኗ አንድ፣ ተራ ጠብቆ ይወርዳል። የትብለጥ እንባ ግን ከአፍንጫዋ ጋር ተማክሮ ነው የሚመጣው።

ጥፋቱ ከስም ይጀምራል። የመጀመሪያ ልጅን በላይነሽ ብለው ሲያበቁ ሁለተኛዋን ትብለጥ ማለት፣ ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ቆጥ ላይ ማስፈር ነው።

ዛሬ ግን ትብለጥ ተስፋ አላት። እናቷን ያስታመመች እሷ ናት። እግሯን ያጠበች፣ ሾርባዋን እፍ እፍ ብላ ያበረደች እሷ ናት። በላይነሽ በየበዓሉ በድሮን ነጠላ ትልክ ነበር፤ እናታቸውም ነጠላውን ታቅፋ ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞርበት ትውል ነበር። ሾርባ ይዞ ጎረቤት የሚዞር ማን አለ?

ገንዘቡን ጠልታው አይደለም፤ ግን ዛሬ የምትጠብቀው ስሟን ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ በላይነሽ እየሰማች፣ «ትብለጥ» ሲባል።

ትብለጥ ራሷ «ማዶ» በሚባለው የሕይወት መድን ድርጅት ውስጥ ስም አውጪ ናት። ሥራዋ ከሟች አንገት ሥር ልብ ጠቋሚውን አውጥቶ ማንበብ ነው። ልብ ጠቋሚ የምስር ፍሬ የምታክል መሣሪያ ናት፤ ባለቤቷ ልቡን ለማን እንደሰጠ በየዕለቱ እየመዘነች ታስቀምጣለች። ሞት ሲመጣ ከላይ የተገኘው ስም የመድኑ ተጠቃሚ ይሆናል። መሣሪያዋ የተፈለሰፈችው የፈታትን ሚስቱን ስም ከውሉ ሳይሰርዝ የሚሞት ባል በዝቶ፣ ድንኳን ሁሉ የቡጢ ሜዳ ሆኖ ስላስቸገረ ነው። ሰው ይረሳል፤ ልብ ግን አይረሳም ተባለ።

የእናትን ልብ ልጅ እንዳያነብ ስለተከለከለ፣ ለምንባቡ የመጣው የሥራ ባልደረባዋ ኑርሁሴን ነው። መሃል ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሕያው ልባቸው፣ በሙሉ ፈቃዳቸው፣ ወይዘሮ የሻረግ የጠሩት ስም…» ማንበቢያውን አየ። ደግሞ አየ። «ማንጠግቦሽ ይርጋ።»

ለቅሶው እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

ከበሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት እንባቸውን የሚጠርጉበትን እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። «እኔ?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «የሻረግ እኔን? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሰላምታዬን እንኳ አትመልስልኝም ነበር!»

«አብዷል መሣሪያው!» የሟች ወንድም ጋሽ ደምሌ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «እህቴ ይቺን ሴትዮ እንኳን ልታወርሳት እሳት አታስጭራትም!»

እውነታቸውን ነው። ፀሐዩ ከከረረ ወዲህ ማዘጋጃ ቤቱ በየጣሪያው ላይ በተራ የሚያቆመው ሰው ሠራሽ ደመና አለ። ወይዘሮ የሻረግ ያ ደመና ከእሷ ጣሪያ ይልቅ በፊት ለፊት ጎረቤቷ በማንጠግቦሽ ጣሪያ ላይ ያረፍዳል ብላ ስታምን ኖራለች። ታማ እንኳ ትብለጥን ወደ መስኮት ውሰጂኝ ትላት ነበር። «አየሽው? ዛሬም እሷ ዘንድ አረፈደ። ጉቦ ብትሰጠው ነው።»

«ኧረ ልጆቿ ይካፈሉት!» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ውርስ አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ቤቱ ውርስ ነው፤ ለሁለቱ ልጆች እኩል ነው» አለ ኑርሁሴን በትሕትና። «የመድኑ ገንዘብ ግን ተጠቃሚ ከተጠራበት ከውርስ ይወጣል። ለወራሾች የሚመለሰው ስም ሳይወጣ ሲቀር ነው። ቅሬታ ካለ ግን ዛሬውኑ መሣሪያዋን ከፍተን እንመረምራለን።»

እኩል ነገር ማንንም አያስቀናም፤ ስለዚህም ቤቱን ያነሣው ሰው አልነበረም። ትብለጥ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«እኔም ልምጣ?» አለች በላይነሽ።

«ተቀመጪ እታለም፣ እንግዳ አይጣልም።»

የድርጅቱ ደንብ ልጅ የእናቷን ልብ እንዳታነብ ይከለክላል እንጂ እንዳትመረምር አይከለክልም። ደንብ ያወጡት ሰዎች ልጅ ኖሯቸው አያውቅም ይሆናል። እሷና ኑርሁሴን በድርጅቱ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ምስሯን በአጉሊ መነጽር ሥር አስቀምጠው ሆዷን ከፈቱ። ሽቦው ደህና ነው። ሚዛኑ ደህና ነው። ቀኖቹ አንዳቸውም አልጎደሉም። ትብለጥ ማንም ዞር ብሎ ወዳላየው ወደ ፕሮግራሙ ታችኛ መስመሮች ወረደች፤ መሐንዲሶቹ መሣሪያዋን መጀመሪያ ሲያስተምሯት የሰጧት ትእዛዝ እዚያ አለ። አንድ መስመር ነው።

«ልቡ የቀናበትን ስም ጥሪ።»

«ታዲያ ምን አለበት?» አለ ኑርሁሴን። «ቀና ልብ፣ ቅን ልብ። ልቡ ያልጎበጠበትን ሰው ማለታቸው ነው።»

«እነሱማ እሱን ማለታቸው ነው። እሷስ ምን ሰማች?»

ኑርሁሴን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው። «ልቡ… የቀናበትን…» ቀና ብሎ አያት። «ቅናት?»

«በፊደል አንድ ናቸው።»

«አትቀልጂ ትብለጥ! ይሄን ሁሉ ዘመን? እንዴት አንድ ሰው እንኳ ሳያውቅ?»

የቆዩትን ንባቦች እያወጡ ተራ በተራ አዩ። ባል በሚስቱ ቀንቶ ሚስቱን ጠርቷል። ወንድም በወንድሙ ቀንቶ ወንድሙን ጠርቷል። የእቁብ ጓደኛ፣ አብሮ አደግ፣ ምራት፣ ዋርሳ። ቤተሰቡም ስሙን ሲሰማ «ወይ ፍቅር!» እያለ ደረቱን ደቅቷል። ሰው የሚቀናው በቅርቡ ነው፤ ኮምቦልቻ ተቀምጦ በቻይና ባለጠጋ እንቅልፍ የሚያጣ የለም። ለዚህ ነው መሣሪያዋ ስትሳሳት የኖረችው ሁልጊዜ ትክክለኛው በር ላይ ሆና።

ኑርሁሴን ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አባቴ ከወንድሞቼ ሁሉ የጠራው እኔን ነው» አለ። «ሳጠና በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። እሱ ትምህርት እንዳማረው ነው የሞተው። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።»

«ኩራትም ሊሆን ይችላል።»

«ተዪኝ እስቲ።»

ተወችው። ጣቷ ግን አልተወም። ትእዛዙን ሰርዛ በቦታው «ልቧ የወደደውን ስም ጥሪ» ብላ ጻፈች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ይሄ ከታወቀ እኮ የከተማው ሙታን ሁሉ እንደገና ሊነበቡ ነው!»

«የእናቴን ብቻ። ለራሴ።»

መሣሪያዋ ጥቂት አሰበች። ስክሪኑ ላይ ስም ወጣ።

በላይነሽ።

አጥፍታ ደገመች። በላይነሽ። መነጽሩን ወልውላ ሠለሰች፤ መነጽር ስም የሚቀይር ይመስል።

«ሁለተኛውን አሳየኝ።»

«ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ» አለ ኑርሁሴን። ፊቷን ሲያይ ደነገጠና ሊያጽናናት ሞከረ። «ልዩነቱ እኮ የጤፍ ቅንጣት አያክልም! ደረስሽባት ማለት ይቻላል።»

በሰፊው ብትሸነፍ ኖሮ «እናቴ ፍርደ ገምድል ነበረች» ብላ በተገላገለች። የጤፍ ቅንጣት ግን አንድ ማንኪያ ሾርባ ናት። አንድ ቀን ተቆጥታ የዘጋችው በር ናት። ወይም ደግሞ አንድ ነጠላ ናት፤ ያች ጥለቷ ወርቃማ የሆነችው፣ እናቷ ተቀብሬባት ልሂድ ያለቻት ነጠላ።

እውነቱን ብትናገር፣ በላይነሽ እንባዋን ተራ በተራ እያወረደች ትቀበላለች። ከዛሬ ጀምሮ በገበያውም በአየር ገመዱም የሚወራው «ትንሿ ብታስታምም ትልቋ ተወደደች» ነው። ባትናገር ግን የሚያገኙት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። ማንጠግቦሽ ጠላት ናቸው። ጠላት ሲያገኝ ያናድዳል እንጂ አያስቀናም።

ትብለጥ የጻፈችውን ሰርዛ የጥንቱን ትእዛዝ መለሰች። «መሣሪያዋ ደህና ናት። ስህተት አልተገኘባትም።»

ኑርሁሴን የምስሯን ሆድ ራሱ ገጠመና ማኅተሙን አተመበት።

«አልተገኘባትም» አለ። «አባቴ ይረፍበት።»

ድንኳኑ ውስጥ ውጤቱ ሲነገር ጋሽ ደምሌ ጮኹ፣ ሰዉ አጉረመረመ። በላይነሽ ግን የትብለጥን ክንድ ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ድስቶቹ ወደተደረደሩበት ወሰደቻት።

«እውነቱን ንገሪኝ ትቢ። የኔ ስም የለም?»

«የለም።»

«ያንቺስ?»

«የለም አልኩሽ።»

«ተመስገን!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን አልሽ?»

በላይነሽ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ አሁን በተራ ሳይሆን ዝርግፍ ብሎ የሚመጣ፣ ከአፍንጫ ጋር የተማከረ እንባ አለቀሰች። «ስለት ተስዬ ነበር። የኔ ባይወጣም ግድ የለም፣ የትብለጥ ብቻ አይውጣ ብዬ። ሁልጊዜ ስደውልላት ‹ትብለጥ እንዲህ አበላችኝ፣ ትብለጥ እንዲህ አጠበችኝ› ትለኛለች። እኔ የምልከው ጨርቅ ነው። ስልኩን ስዘጋ ነው የማለቅሰው፣ ታውቂያለሽ?»

ትብለጥ አላወቀችም ነበር። ‹ንገሪያት› የሚል ነገር ከሆዷ ተነሥቶ እስከ ምላሷ ሥር መጣ፤ እዚያ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ወረደ። በምትኩ ሳቋ አመለጣት። በላይነሽም እያለቀሰች ሳቀች። በድስቶቹ መሃል ተቃቀፉ፤ ማንም አላሸነፈምና የሚያጣላቸው አልነበረም።

«እንኳን ሁለታችንም አልሆንን እታለም።»

«እንኳን!»

ከድንኳኑ ውስጥ የምርቃት ድምፅ ተነሣ። መጋረጃውን ገልጠው አዩ። እትዬ ማንጠግቦሽ መሃል ላይ ቆመዋል።

«እኔ ይሄን ገንዘብ ለራሴ አልነካውም» ይላሉ። «ለካ ትወደኝ ኖሯል። እኔ አፈር ልብላ፣ ሳላውቅላት! ለየሻረግ ኮምቦልቻ አይታው የማታውቅ ተዝካር አወጣላታለሁ። የተራበ ይብላላት፣ የታረዘ ይልበስላት!»

ሰዉ «ይበል! ይበል!» አለ። ጋሽ ደምሌ ከዘራቸውን ጥለው ሄደው የማንጠግቦሽን ትከሻ ሳሙ። አንዲት ሴት «ጎረቤት ማለት ይቺ ናት፤ ልጅ ምን ያደርጋል!» ስትል ጮክ ብሎ ተሰማ።

እህትማማቾቹ መጋረጃውን እንደያዙ ቀሩ።

«ለእናታችን ተዝካር፣ እሷ?» አለች በላይነሽ በሹክሹክታ።

«ሰዉ ሲስማት አየሽ?»

«ደግሞ የሚያናድደው ከልቧ መሆኑ።»

«ከልቧ ነው» አለች ትብለጥ፤ ጥርሷን ነክሳ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የትብለጥ ተጠቃሚ በላይነሽ፣ የበላይነሽም ተጠቃሚ ትብለጥ ነበረች፤ ሁለቱም ይህን አያውቁም ነበር፤ ወደፊትም አያውቁትም። መጋረጃውን ይዘው እንደቆሙ፣ ከሁለቱም አንገት ሥር ያለችው ምስር ድምፅ ሳታሰማ የእህትን ስም አወረደችና በላዩ ማንጠግቦሽ ብላ ጻፈች።