ጨርቅ በቃኝ

አጎቴ አቶ አብርሃ ተክለ ሃይማኖት የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ልደታ ቤታቸው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር «ትርሓስ፣ ምን ልግዛልሽ?» ይሉኛል። የጨዋ ልጅ መልስ የታወቀ ነው፤ የእርስዎ ጤና ይበቃኛል ብዬ ጉልበታቸውን እስማለሁ። እሳቸውም ሱቃቸው ውስጥ አልሸጥ ያለውን ቡናማ ጨርቅ ይዘውልኝ ይመጣሉ። እስከ ሃያ ሰባት ዓመቴ ቡናማ ለበስኩ።

ከገረሱ ጋር ያገናኘኝም ያው ቡናማ ጨርቅ ነው። ልደታ ማርያም አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቁን ዘርግቶ አየው፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ።

«ቀለሙን የመረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ብትጠየቂ ምን ትመርጪ ነበር?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ጠይቆኝ፣ መልሴን ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ወደድኩት፤ ምን አስዋሸኝ።

በጥቅምት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ለመኑ። አጎቴ የወንድሜን ልጅ ለልብስ ሰፊ አልድርም ብለው፣ ተቀመጡ እንኳ ሳይሏቸው መለሷቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ገረሱ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን እስከ ሰፈሬ ሸኘኝ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን በድብቅ እንፈራረም አለኝ።

«ምን አጥፍተህ ነው ተደብቄ የማገባህ?» አልኩት።

ገና ደረሰ። ዘመዱ ሁሉ ማዕድ ከቦ ሳለ አጎቴ እንደ ልማዳቸው ዘንድሮስ ምን ልግዛልሽ አሉኝ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ስላሰቡልኝም አመሰገንኳቸው።

«ጨርቅ በቃኝ፣ አጎቴ። ከጥምቀት በኋላ የገረሱ ሽማግሌዎች ይመለሳሉ። ተቀመጡ ይበሉልኝ። ስጦታዬ ያቺ አንድ ቃል ናት።»

 ሚስታቸው እትዬ ንግስቲ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ባልልስ?» አሉ አጎቴ።

«ያኔም አገባዋለሁ። ግን ሳይመርቁኝ መሄድ ያመኛል። እርስዎንም እወድዎታለሁ፤ እሱንም እወደዋለሁ።»

ዓይኔን አልሰበርኩም። እስከ ጥምቀት አላናገሩኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ቁርሳቸውን ግን አላጓደልኩም።

ሽማግሌዎቹ መጡና እንደ በፊቱ ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የአጎቴ ወንበር ሁለት ጊዜ ተንቋቋ።

«ተቀመጡ» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መቆጣት ብለው።

በሳምንቱ ሱቅ አስጠሩኝ። ባንኮኒው ላይ የነጭ ጨርቅ ጣቃዎች ደርድረዋል።

«ለሠርግሽ የትኛውን ልቁረጥ?»

ጤናዎ ይበቃኛል አላልኩም። ጣቃዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። እሳቸውም መቀሳቸውን ይዘው፣ እስክመርጥ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁኝ።