የቆርቆሮዋ መኪና በር

ተናኘወርቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ነበር። አባቷ አቶ ሀብተወልድ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ዘውዴ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ስለነበር፣ አባቱ ከዘይት ቆርቆሮ ትንሽ መኪና ይሠሩለት ነበር።

ልጆች፣ ብታዩአት እኮ! መብራቷ፣ ኮፈኖዋ፣ መቀመጫዋ ሳይቀር ቁርጥ ትልቋን መኪና! የቀረው በሯን መቁረጥ ብቻ ነው። ዘውዴ ደግሞ "በሯ ይከፈታል?" እያለ ጧት ማታ ይጠይቃል።

"ከድሬዳዋ ስመለስ ይከፈታል" አሉት አባቱ። "እስከዚያ ማንም እንዳይነካት። ቆርቆሮ በጉልበት አይቆረጥም።"

ተናኘወርቅ ግን አላስቻላትም። ወንድሟን ራሷ ልታስደስተው ፈለገች። አባቷ እንደወጡ ቢላዋ አንስታ አባቷ ለበሯ ባሰመሩት መሥመር ላይ ባላት ኃይል ተጫነችው። ቆርቆሮው ተጨማደደ። ደንግጣ ስትስበው ቅዳዱ ጥጉን አልፎ እስከ ጣሪያው ሮጠ። ወይ ጉድ!

አባቷ ተመልሰው "ማን ነካት?" ሲሉ፣ ጓደኛዋ ሐዲያ ለዘውዴ ብርቱካን ይዛ ከጀጎል መጥታ የቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

"ሐዲያ ናት!" አለች ተናኘወርቅ።

እናንተዬ፣ ምን አፍ አወጣው?

"ወላሂ አልነካሁም፣ ጋሼ!" አለች ሐዲያ። ብርቱካኑን አስቀምጣ እያለቀሰች ሄደች።

"ሁለተኛ አትመጣም ማለት ነው?" አለ ዘውዴ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባቷ የተቀደደውን ጎን ነቅለው ጣሉና ሌላ ቆርቆሮ አመጡ። በሩን አሰመሩና በአራቱም ጥግ በሚስማር ትንንሽ ቀዳዳ በሱ።

"ይኼ ለምንድን ነው፣ አባባ?"

"ቅዳድ አንዴ ከጀመረ ይሮጣል። እዚህ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል።"

ከዚያ ማስመሪያውን አስደግፈው የምላጩን ጫፍ በመሥመሩ ላይ ቀስ አድርገው ሳቡት። ደግመው ሳቡት። ደግመው፣ ደግመው። አይጫኑም፣ አይቸኩሉም። ተናኘወርቅ ትንፋሿን ይዛ ታያለች። በመጨረሻ በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት በሩ ሙሉ ለሙሉ ወጣ! አልተጣመመም፣ አልተቀደደም። መልሰው ሲገጥሙት ክር የምታህል መሥመር ብቻ ቀረች።

"አቤት ጌታዬ!" አለች ተናኘወርቅ፤ አፏን ከፍታ ቀረች። ወዲያው ዓይኗ መሬት ወደተጣለው የተቀደደ ቆርቆሮ ሄደ። የእሷም ውሸት እንዲሁ ከመኪናዋ አልፎ ሐዲያ ላይ፣ ከሐዲያ አልፎ ዘውዴ ላይ ሮጧል። ልቧ ፈራ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ! ሐዲያ አልነካችም!" ብላ አለቀሰች።

አባቷ እንባዋን ጠረጉላት። "ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ለእሷ ንገሪያት።"

ተናኘወርቅ ሐዲያ ቤት ድረስ ሮጣ፣ በሐዲያ እናት ፊት እውነቱን ተናገረች። "ይቅር በይኝ" አለቻት። ሐዲያ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ አኩርፋ ነበራ! ቆይታ ግን "ለመሆኑ በሯ ይከፈታል?" አለች።

"ነይ፣ አንቺ ክፈቺያት።"

ተያይዘው ሲመለሱ አቶ ሀብተወልድ በሯን በማጠፊያ ገጥመው ጨርሰዋል። ሐዲያ በትንሿ ጣቷ ነካ አደረገቻት። በሯ ተከፈተች። ዘውዴ ከአልጋው ላይ "ተከፈተች! ሐዲያም መጣች!" ብሎ ጮኸ።

ልጆቼ፣ ስታጠፉ በሰው ላይ አታሳብቡ፤ ጥፋቱ ሌላውን ሰው ሳይጎዳ ቶሎ እውነቱን ተናገሩ።