ጌታው ያልተከሉት ዛፍ

«ይህን ዛፍ የቤቱ ጌታ በሠርጋቸው ዕለት ለሙሽራቸው ነው የተከሉት» አለች አስጎብኚዋ፣ መናፈሻው መሀል ባለው የድሮ ቤት በረንዳ ላይ ቆማ። እዚህ ጋ ስትደርስ ሁሌም ድምጿ ይለሰልሳል።

«ኧረ በጭራሽ! አያቴ ናቸው የተከሉት!»

የመናፈሻው አትክልተኛ ነበር፤ መቀሱን እንደያዘ ከቁጥቋጦው አጥር ኋላ ብቅ አለ። ምን ያድርግ፣ በእነሱ ቤት ሦስት ትውልድ ሙሉ የተተከለ ዛፍ ሁሉ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስለ ዛፍ ሐሰት ሲነገር ዝም ማለት አልለመደበትም።

ጣጣው፣ ከጎብኚዎቹ መሀል የመናፈሻው ኃላፊ ነበሩ። «እስከ ሰኞ አጣሪ። ለተረት ውል አላድስም» ብለዋት ሄዱ።

ደሟ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን በድዬህ ነው ከሥራዬ የምታፈናቅለኝ?»

«እሳቸው መኖራቸውን መች አየሁ? እኔ የማየው አንቺን ብቻ ነበር» አለና፣ ያለው ነገር ሲገባው አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ የአያቱን ደብተር ይዞላት መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገለጡት። ቀኑ፣ ቦታው፣ የውሃው ልክ ሁሉ ተጽፏል። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል፦ «ከልብስ ተኳሿ መስኮት ሥር። ቀና ስትል አረንጓዴ ነገር እንድታይ።»

«ልብስ ተኳሿ ማን ናት?»

«ሴት አያቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ወንድ አያቴ የጌታው አትክልተኛ ነበሩ፤ እወድሻለሁ ለማለት አራት ዓመት ፈጀባቸው።»

«አራት ዓመት! ወይ ጉድ፣ ፍርሃት በዘር ነው በለኛ!» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ትክ ብሎ ተመለከታት፤ እሷም ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሳ ፊቷ ሞቀ።

ሰኞ ዕለት እዚያው በረንዳ ላይ ቆማ ለጎብኚዎቹ እውነቱን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ኃላፊውም መሀላቸው ነበሩ። «ይኼማ ከፊተኛው ይበልጣል። ውልሽ ይታደሳል» አሉ።

«ለመሆኑ የልጅ ልጃቸው የት አለ?» ብለው ጠየቁ አንዲት አሮጊት።

«ያውልዎት እማማ» አለች አስጎብኚዋ። « ከቢሮዬ መስኮት ሥር ያለውን አጥር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲከረክም ነው የከረመው። ምስኪን አጥር፣ ቅጠል አልቀረለትም።»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አትክልተኛው ግን አንድ ችግኝና ደብተሩን ይዞ ወደ በረንዳው መጣ።

«እኔ አራት ዓመት አልችልም። እወድሻለሁ» አለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ይህን ከመስኮትሽ ሥር ልተክለው ነው። ደብተሩን አንቺ ጻፊልኝ።»

ብዕሩን ተቀበለችው። ቀኑን ጻፈች፣ ቦታውን ጻፈች፣ የውሃውን ልክ ጠይቃ ጻፈች። ከዚያ ከግርጌው በትንንሽ ፊደል፦ «እኔም። ውሃውን አብረን እናጠጣለን።»