ለነብሩ የተቀባው ሥጋ

ሥጋው ዙሪያ ዝንቦች ወድቀው ነበር። ቆዳው ያልተገፈፈ የፍየል እግር በራችን ደፍ ላይ ተጋድሟል፤ ዝንብ እንደ ወትሮው ሊወረው ሲገባ፣ ዝንቦቹ ራሳቸው እንደ ተደፋ ቁንዶ በርበሬ ሲሚንቶው ላይ ተበትነዋል። እኔ ይህን ያየሁት ልጄ እግሩን ከውሻችን አፍ ነጥቃ ከጣለች፣ በዚያው እጇም ዳቦዋን በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የእናንተም ቤት ልጅ አለና።

የምንኖረው ከዱር እንስሳት መጠለያው አጥር ሥር ነው። ከሽቦው ወዲያ አንገት ቀና አድርገው የሚያዩዋቸው ረጃጅም ዛፎች፣ ወንዝ፣ ጦጣ፣ አሞራ፣ ነብርም አለ። ከሽቦው ወዲህ ያለነው ፍየል እናረባለን። በበጋ በእኛ በኩል ሣሩ ሲያልቅ ሽቦውን ፈልቅቀን ፍየሎቻችንን ወደ ውስጥ እንለቃለን። ከዚያ ነብር አንዷን ሲወስድ «ነብሩ ገባብን» እንላለን። ማን ማን ላይ እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

ሰፈራችን ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ነብር የገደለውን በአንዴ አይጨርስም፤ ይመለስበታል። ስለዚህ የፍየሏ ባለቤት ቅሪቱ ላይ ለአትክልት የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት ይቀባና «ውሻችሁን እሰሩ» እያለ በየቤቱ ይዞራል። ውሻ ይታሰራል፣ ልጅ ይከለከላል፤ ስለሌላው ፍጥረት የሚጨነቅ የለም። መርዙን መድኃኒት እያልን መጥራታችን ራሱ ልባችንን ሳያደነድነው አልቀረም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ የእኛን ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል። ነብሩ የምትታለብ ፍየሉን የወሰደበት ሰሞን የመጠለያው ጠባቂ መጥቶ ሊመክረው ሞከረ። እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«ወንድሜ፣ ቀዳዳውን ድፈን። ለፍየሎቹም ጣሪያና በር ያለው ጉረኖ ሥራላቸውና ሲመሽ ዝጋባቸው። ነብር በር አይከፍትም» አለው።

«ላንተ ምን አለብህ። ደመወዝህን ነብር አይበላብህም።»

«መርዝ ብቻ እንዳታስቀምጥ። መርዝ ነብሩን ከሌላው አይለይም። ጥንብ አንሣዎቹ አሁን ጫጩት አላቸው።»

«አሞራ ሞተ ተብሎ ማን ለቅሶ ሊቀመጥ ነው?» አለ ዋርሳዬ። ደጃፍ የተቀመጠው ባለቤቴ ሳቀ።

ጠባቂው አልሳቀም። «ወንዝ ዳር የሞተውን ሁሉ የሚያነሡላችሁ እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ የምትጠጡት ጥንብ ነበር።»

እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሼ፣ ልጆችም እኮ አሉ። አንድ ቀን አንዱ ቢነካው...»

«ጀመረች ሟርተኛዋ» አለ ዋርሳዬ። «አንቺ እኮ ሰማይ ጠርቶም ጃንጥላ የምትይዥ ሴት ነሽ።»

አልዋሸም። ልጄ ስታስል ሳንባዋ ነው የሚታየኝ፤ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ መኪና ነው የሚታየኝ። ቤተሰቡ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

ዋርሳዬ በማግስቱ የፍየሏን ቅሪት ቀባ። ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረ፤ ለእኛ ቤት ግን አልነገረም። ለገዛ ወንድሙ እንኳ አልተነፈሰም። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ «እሱ ከሰማ እሷ ትሰማለች፤ እሷ ከሰማች ጠባቂው ጋ ትሮጣለች» ብሎ ነው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ታስሮ ሲውል የእኛ ብቻ ተፈትቶ ዋለ። ስለምፈራ ደበቁኝ፤ ስለደበቁኝ የፈራሁት ደረሰ።

ውሻችን ያን እግር ጎትቶ መጣ። ልጄ ጸያፍ ነገር እንዳይበላባት ብላ ከአፉ ነጠቀችው። ዝንቦቹን ሳይ ጮኼ እጇን በሳሙና አሸሁት፤ ግን ዳቦው ወርዷል። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቃት። ምራቋ ይዝረበረብ ጀመር። የዓይኗ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አከለ። ባለቤቴ አቅፏት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ፤ እኔ የዋርሳዬን በር ደበደብኩ።

«ጋሼ፣ ምን ቀቡበት?»

«ምኑን? ማን ነገረሽ?»

«የቀቡበትን ዕቃ ይስጡኝ። ሐኪሟ ምን እንደነካት ልትጠይቀኝ ነው።»

«ማንን ምን ነካት?»

«ልጄን።»

ፊቱ አመድ ለበሰ። ጠርሙሱን ካኖረበት ጣሪያ ሥር አውርዶ እኔን ትቶኝ በባዶ እግሩ ሮጠ። ሐኪሟ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብባ ማርከሻውን በመርፌ ሰጠቻት። ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ደረቷ እየተንኮራኮረ ቆየች። ዋርሳዬ ኮሪደሩ ላይ ጥግ ይዞ ቆሟል። ማንም አልተሳደበም፤ ጉልበቱ አልነበረንም። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ውሻው ነው። ባለቤቴ «ደኅና ነው» አላት። ውሻው ደፋችን ላይ ደርቆ ነበር።

ልጄ ዳነች። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ሌላው አልዳነማ።

ጠባቂው ዋርሳዬንና ባለቤቴን አካፋ አስይዞ ወደ ውስጥ ወሰዳቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ጥንብ አንሣዎቹ በቅሪቱ ዙሪያ ክንፋቸውን እንደዘረጉ ወድቀዋል። አንዳንዶቹ እስከ ወንዙ ለመድረስ ሞክረው አፈሩን በምንቃራቸው ነክሰው ቀርተዋል። አንዲት ጅብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጠቅልላ ሞታለች።

«ነብሩስ?» አለ ዋርሳዬ።

«ነብሩ አልመጣም። ሌላ አድኗል።»

ከበላያችን፣ ከዛፎቹ ጫፍ፣ ቀጭን ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይመጣ ነበር።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ዋርሳዬ።

«ጫጩቶቹ ናቸው። እናቶቻቸውን እየጠበቁ ነው።»

«ወጥተን ብናወርዳቸውስ?»

«አውርደህ ማን ያሳድጋቸዋል? ቆፍር ይልቅ። ጥልቅ ይሁን፤ አውሬ እንዳያወጣውና ዳግም እንዳይገድል።»

ዋርሳዬ ቆፈረ።  ፉጨቱ ከዚያም በኋላ ነፋስ ወደኛ ሲዞር ግቢያችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ቀረ። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ዳር የሞተ ከብት የሚያነሣው ጠፍቶ ሸተተ፤ ውኃችንን አፍልተን መጠጣት ጀመርን። ያኔ ነው ሰፈሩ አሞራ አሞራ ማለት የጀመረው።

እናቶች፣ አባቶች፣ ይህን የምጽፈው ለማስለቀስ አይደለም። ነብር በረሃብም በጥጋብም ነብር ነው፤ ፍየሏን ደጁ ድረስ የወሰድንለት እኛ ነን። አጥሩን ከፍታችሁ ከሆነ ዝጉት። የቀባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ቅበሩት። ውሻ አስሮ የሚጠነቀቅ ሰው፣ የሚያስቀምጠው ነገር ክፉ እንደሆነ ልቡ ያውቃል። «ሟርተኛ» የምትሏትንም ሴት አንድ ጊዜ ስሟት።

ዋርሳዬ ጉረኖውን ሠራ። ቀዳዳውንም በገዛ እጁ ደፈነ፤ አሁን ለሌሎች የሚመክረው እሱ ነው። ልጄ ግን ከማንም እጅ አትበላም። «እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው» ትለኛለች፤ እኔ ቀምሼ እስክውጥ አፌን ታያለች።

ዛሬ አመሻሹ ላይ ዋርሳዬ ትኩስ ወተት በኩባያ ይዞላት መጣ።

«እንቺ የኔ እናት፣ አሁን የታለበ ነው።»

ልጄ ወደኔ አየች። ዋርሳዬ ገባው። ኩባያውን አንሥቶ ከወተቱ ተጎነጨላት፣ አፉን ጠረገና እንደገና ዘረጋላት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። «ይሁን፣ ልክ ነሽ።»

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ፍየሎቹን አንድ በአንድ እየነካ አስገባ፣ በሩን ገጠመ፣ ቁልፉን አዞረ።