«የሰውየው ስም»

ጉንዳን ስህተቱን ያየችው ሁለት መቶኛው መጽሐፍ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ነው። የመጨረሻው ገጽ «የጨዋታውን ሕግ ያወጣው፦ የሰውየው ስም» ይላል።

የሰውየው ስም! ገጹን ስታቀናብር «ትክክለኛውን በኋላ እሞላዋለሁ» ብላ የጻፈችው ነበር። ጉንዳን የሚሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት መልስ በእናቷ የመጽሐፍ ጥረዛ ቤት ውስጥ ወረቀት ስታመላልስ ስለምታመሽ።

መጽሐፉ የእሷና የታላቅ ወንድሟ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ነጥብ ጠጠር እየወረወሩ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚፈጥርበት የጨዋታ መጽሐፍ ነው። ታሪኩን እሷ ጻፈች፣ ሥዕሉን እሱ ሣለ። ሕጉን ግን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሰው ነው ለዓመታት ለፍቶ ያወጣው። ሲጨርስ «ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡ፤ ስሜን ብቻ ጥቀሱ» ብሎ ለሁሉም ፈቀደ። እሱ ባይፈቅድ ሁለት ተማሪዎች ከየት አባታቸው ያመጡት ነበር?

«ተይው ባክሽ» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ። «የመጨረሻ ገጽ ማን ያነባል? የምንሸጥበት አውደ ርዕይ ነገ ጠዋት ነው። እማዬ ከሰማች አለቀልን።»

«ስሙን ካልጠቀስን እኮ ፈቃድ የለንም።»

«ሰውየው እዚህ ድረስ መጥቶ ሊያይ ነው? አታካብጂ!»

እውነቱን ነው፣ አያይም። የከነከናትም ይኸው ነው፤ እንደማያያቸው እያወቀ አምኗቸዋል።

«እማዬ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንድ ነገር አበላሽቻለሁ።»

እናቷ ገጹን አይታ ወንበር ፈለገች። «በቃ፣ ሊከሱን ነው! ቤቱንም ያሽጉታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬ ነበር!»

«ስሙን ብቻ እኮ ነው የጠየቀን፣ እማ።»

«ስሙን ብቻ? ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

እናቷ ገጹን ደግማ አየችው። «ሃያ ዓመት ስጠርዝ የእኔን ስም የጠቀሰልኝ የለም» አለችና ሙጫውን አነሳች። «በይ ጻፊና በትንንሽ ወረቀት አትሚ፤ እንለጥፈዋለን። አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? መቀስ አምጣ!»

ጉንዳን ስሙን ፊደል በፊደል ገለበጠች፤ ከሥሩ «እናመሰግናለን» ብላ ጨመረች። ቀጥላም «ጥረዛ» ብላ የእናቷን ስም ጻፈች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«የእኛንስ ታሪክ ለምን ለሁሉም አንፈቅድም?»

«ሰው ይስረቀን?» አለ ወንድሟ።

«የተፈቀደ ነገር እንዴት ይሰረቃል?»

«ይህንንም ታሪክ ውሰዱ፣ ለውጡት፤ ስማችንን ጥቀሱ» ብላ ስትጽፍ ወንድሟ በትከሻዋ በኩል አነበበ።

«ሥዕሎቼንም ጨምሪ» አለ በመጨረሻ።

እሱ ቆረጠ፣ እሷ ለጠፈች፣ እናታቸው «ይላቀቃል፣ ታያላችሁ» እያለች እያንዳንዱን በመዳፏ ተጫነች። ሁለት መቶው ሲያልቅ መብራቱን አጠፉና ወጡ። እናታቸው ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፤ አላመነችምና በሩን ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ተቆልፏል።